የዘገየ ፋይል

አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንድ ዓመት ሳልዘል፣
አረቦን ከፍዬ፣ ደረሰኝ ስከምር፣ ስጠቀልል፣
"መድን" ስለው ኖርሁኝ፣ እንደ መድኃኒቴ፣
የሚኒባሴን ውል አጥፌ ከደረቴ።
ያኔ ወንበር ነበር፣ ፈገግታም ነበረ፣
የዓመቱ ካላንደር በነጻ ይታደል ነበረ።
ካላንደሩ ዛሬም ከግድግዳዬ አለ፣
"ሁሌም ከጎንዎ ነን" ብሎ እንደተሰቀለ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው፣ አዘዞ መዞሪያ፣
አሸዋ የጫነ ሲኖ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ
ወደ ኋላ መጣና በሬን እንደ ቆርኪ ጨፈለቀ።
ተመስገን፣ ሰው አልሞተም፤ የረዳቴ ትከሻ ብቻ ወለቀ።
"መድን አለኝ" አልሁኝ ለተሰበሰበው፣
ደረቴን ነፋ አርጌ፣ እንደ ባለርስት ሰው።

ፒያሳ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ወይዘሪት ትሁኔ ቀና ሳትል፦
"የትራፊክ ሪፖርት?" ሰጠኋት። "ኮፒውስ የታል?"
ኮፒ ቤት መብራት የለም። መብራት መጣ፤ ቀለም አልቋል።
"የሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ።" ከሳሙና በር እስከ ማራኪ
በእግሬ ዞርሁ፣ እንደ ለማኝ፣ የሰው በር አንኳኪ።
ሦስቱን ይዤ ስመለስ፣ "የአንዱ ማህተም አይነበብም፤"
ማህተሙ ሲነበብ፣ ሲስተም የለም። ሲስተም ሲመጣ፣ እሷ የለችም።

"ገማች ከባሕር ዳር ይመጣል" ቢሉኝ፣ ጠበቅሁት እንደ ምጽአት።
ኅዳር ሄደ፣ ታኅሣሥ ሄደ። ለጥምቀት
ከተማው በእንግዳ ሲሞላ፣ የታክሲ ወንበር ዋጋ ሲያወጣ፣
እኔ ቀሃ ዳር ቆሜ ቆጠርሁ፣ የሰው ሚኒባስ ሲሄድ ሲመጣ።

መጣ በየካቲት። መነጽሩን ጠረገ፤ በሩን በጣቱ መታ፤
"እህ" አለ፤ ጻፈ፤ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ፣ ጌታ።
የጻፈውን ትሁኔ አነበበችልኝ፣ እንደ ፍትሐት፦
"እርጅና ይቀነሳል። ከራስ የሚሸፈን አለበት።
ዋጋው ዝቅ ብሎ ስለተመዘገበ፣ እሱም ይቀነሳል፤
በአንቀጽ ስምንት ሐ" — "እህቴ፣ ታዲያ ምን ይቀራል?"
"እሱን የሚወስነው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ አዲስ አበባ፣"
አለች፤ ፋይሌም ከፋይሎች ሥር፣ እንደማይበቅል ዘር ገባ።

ከመስኮቷ ማዶ ግንቡ ይታያል፤ ጣራ አልባው ጎኑ ወደኛ።
ወንበር ላይ ሳንጎላጅ እላለሁ፦ ይሄስ ምናልባት እንደኛ
አንድ ማህተም ጎድሎት ይሆን፣ ሳይጠገን ይህን ሁሉ ዘመን?
መቼም የነገሥታት ቤት ነው፤ ሳይገባ አይቀርም መድን።

አንድ ማክሰኞ ከውስጥ "ዘገየ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።
"አቤት!" ብዬ ተነሣሁ፣ ኮቴን አስተካክዬ ገባሁ።
"እርስዎን አይደለም" አለች ትሁኔ፣ ሳቅ አመለጣት ከጥርሷ፤
"ፋይሉ ዘገየ ነው ያልሁት።" ስሜን ለፋይል ሰጠችው እሷ።
እናቴ በስተርጅና ወልዳኝ፣ ዘገየ ስትለኝ በደስታ፣
ስሜ መዝገብ ቤት እንደሚፈታ መቼ ገምታ!

ጋራዥ ስሄድ፣ መኪናዬ ጎማዋ ተንፍሶ ቆማለች።
የባለ ጋራዡ የፈንታሁን ዶሮ የኋላ ወንበር ላይ ታቀፈች፤
በሃያ አንደኛው ቀን አሥራ አንድ ጫጩት ፈለፈለች።
ፕሮፎርማ አልሰበሰበች። ለዋና መሥሪያ ቤት አልጻፈች።

ባንኩ ግን ወሩን አይስትም፤ ብድሬን በቀኑ ይጠራል።
የዘንድሮው አረቦንም ደረሰ፤ "ካልከፈሉ ውሉ ይፈርሳል።"
ለቆመች መኪና ከፈልሁ። ያን ቀን ማህተሙ ደመቀ፤
ሲስተሙም ነበረ፤ ደረሰኜ በሁለት ደቂቃ አለቀ።

በሰኔ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የሻረግ በምጥ ጠራችኝ።
በተከራየሁት ባጃጅ ወሰድኋት፣ የራሴ መኪና እያለኝ።
ወንድ ልጅ። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ "ማን አልኸው?" ቢለኝ፣
"ካሳ" አልሁ።
ሳቁ። ይሳቁ። ስምንት ወር ደጅ ስጠና፣ እሱ ብቻ ነው የመጣ፣
እርጅና ያልተቀነሰለት፣ ከሙሉው ምንም ያላጣ።

ትናንት ትሁኔ ደወለች፦ "ካሳዎ ገና ነው፣ አልመጣም።"
"መጥቷል" አልኋት፣ "ሦስት ኪሎ ተኩል። ሲጮህ አይሰማሽም?"
ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፦ "እንግዲህ ለእሱም
የሕይወት ዋስትና አለን፤ ልላክልዎ ፎርም?"